መንገድ ጠያቂና መንገድ ነጋሪ

በአማርኛ «መሪ» የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት ሰው ያመለክታል። አንደኛው ሕዝብን የሚያስተዳድር፣ ጦርን የሚያዝ ሰው ነው። ሁለተኛው አገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ከፊት ከፊት እየሄደ ጥርጊያውን የሚያሳይ ነው። የቃሉ ሥር በግእዝ «መርሐ» ሲሆን፣ ለሐሳባችንና ለሥራችን መነሻ የምናደርገውን «መርሕ» ብለን የምንጠራውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ሥልጣን፣ የሐሳብ መነሻና የመንገድ ዕውቀት በአንድ ሥር ተሳስረው ሲገኙ፣ መንገድ ማሳየት በቋንቋው ባለቤቶች ዘንድ ቀላል አገልግሎት ተደርጎ እንዳልታየ እንረዳለን። መንገድ የሚያሳይ ሰው ለሚከተለው ሰው ደኅንነት ተጠያቂ ነውና።

በዘመናችን ይህን ሥራ የእጅ ስልክ እየተረከበው ነው። መንገደኛው ስልኩን ያወጣል፤ የሚሄድበትን ስፍራ ይነካል፤ ሰማያዊ መሥመር ይዘረጋለታል፤ ድምፅ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይለዋል። ማንንም ሳያነጋግር፣ ማንንም ሳያመሰግን ይደርሳል። ይህ ትልቅ ምቾት መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ሆኖም መንገድ የማሳየቱ ሥራ ከሰው ወደ መሣሪያ ሲዛወር፣ ከሥራው ጋር ተያይዞ የኖረው ኃላፊነት ወዴት ሄደ? መሣሪያው ተረከበው? ወይስ ከመካከላችን ወድቆ ቀረ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል፤ በመሠረቱ ግን ሰው ለሰው ያለበትን ዕዳ የሚመለከት የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ገበያና አድራሻ

ጉዳዩን ከቅርብ ለማየት ከመቀሌ እንነሣ። ቀዳማይ ወያነ ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ስያሜው በ1935 ዓ.ም. በትግራይ ከተነሣው የሕዝብ አመፅ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ባጃጅ አስቁሞ «ቀዳማይ ወያነ» ሲል፣ ያስበውም አያስበው፣ የታሪክ ምዕራፍ እየጠራ ነው። «እንዳ ገብርኤል» ወይም «እንዳ ኢየሱስ» ቢል የደብር ስም ይጠራል። «ዓዲ ሐቂ» ቢል የመንደር ስም ይጠራል፤ «ዓዲ» በትግርኛ መንደር፣ አገር ማለት ነውና። «ሐውልቲ» ቢል የሰማዕታቱ ሐውልት በዓይነ ሕሊናው ይቆማል። በአዲስ አበባም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ሃያ ሁለት ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ቁጥር ነው። የዶሮ ማነቂያ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱ በኋላም ስሙ ከሰው አፍ አልወጣም። የእኛ አገር አድራሻ በቁጥር ሳይሆን በትረካ የተሠራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አድራሻው ትረካ በመሆኑም ተራኪ ይሻል። በገበያ መካከል የአንድ ጨው ነጋዴ ሱቅ የጠፋበት ሰው የሚያገኘው መልስ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ «በዚህ ውረድ፤ ማር ሻጮቹን እለፍ፤ ከዚያ ጠይቅ» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የመጨረሻይቱን ቃል እናስተውል። መንገድ ነጋሪው ዕውቀቱ የሚያልቅበትን ስፍራ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ መንገደኛውን ለሌላ ሰው ያስረክበዋል። እንግዳው እንደ ዕቃ ሳይጣል፣ እንደ አደራ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይደርሳል። «ከዚያ ጠይቅ» ማለት፣ ከዚያም ወዲያ የሚመልስልህ ሰው አለ ብሎ ስለማያውቀው ሰው ዋስ መሆን ነው።

እርግጥ የሰው ምሪት ስሕተት አያጣውም። የባላገሩን «ቅርብ ነው» የማያውቅ መንገደኛ የለም። አገጩን ወደ ማዶ አንሥቶ «ከዚችው ኮረብታ ኋላ ናት» ያለን ስፍራ ግማሽ ቀን ሊያስኬድ ይችላል። በመለኪያ ከተመዘነ ቃሉ ሐሰት ነው። ነገር ግን ባላገሩ የሚናገረው ስለ ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ የደከመ ሰው ፊቱ ቆሟልና ስለ ሰውየው ጉልበትም ይናገራል። መሣሪያው ርቀቱን በሜትር ያውቃል፤ የመንገደኛውን ድካም ግን አያይም።

የጨው ጎዳና

መቀሌን መቀሌ ካደረጓት ነገሮች አንዱ የጨው ንግድ ነው። ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የዳሎል ሜዳ በአፋር ሠራተኞች እጅ እየተቆረጠ የሚወጣው ጨው፣ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ በበራህሌ በኩል አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደተቆረቆረችው መቀሌ ይወጣ ነበር። አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በብዙ የአገራችን ክፍል እንደ ገንዘብ ማገልገሉ ይታወቃል። አስፋልት ከተዘረጋና የጭነት መኪና ከገባ ወዲህ የግመሉ ጉዞ እጅግ ቀንሷል።

የጨው ነጋዴዎቹ ጉዞ የመንገድ ዕውቀት ምን እንደነበረ ያስተምረናል። በዚያ ጎዳና ላይ መንገድ ማወቅ ማለት አቅጣጫ ማወቅ ብቻ አይደለም። ውኃ የት እንዳለ፣ ጎርፍ ሸለቆውን መቼ እንደሚሞላ፣ ከሐሩሩ ለማምለጥ በየትኛው ሰዓት መነሣት እንደሚገባ፣ በየትኛው መንደር ከማን ጋር መነጋገር እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው። ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከደገኛ ወደ ቆለኛ፣ ከአፋር ወደ ትግራዋይ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ልማድ ደግሞ ነገሩን ወደ ሕግ ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ሰዎች በበረሃ ሲገናኙ ቆመው፣ ወይም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ግጦሹን፣ ውኃውን፣ የመንገዱን ሰላም፣ በጎዳናው ያለፈውን ሰው ሁሉ ይነጋገራሉ። ዜናውን መንገር ግዴታ ነው፤ በእውነት መንገርም ግዴታ ነው። ያልታየውን እንደታየ አድርጎ ያወራ ሰው ከባድ ነቀፋ ያገኘዋል። በበረሃ ሐሰተኛ ወሬ ሰውንና ከብቱን ውኃ ወደሌለበት ይመራልና። እንግዲህ በዳጉ ልማድ የመንገድ ዕውቀት የግል ሀብት አይደለም፤ ለመጀመሪያው መንገደኛ መከፈል ያለበት ዕዳ ነው። ተቀባዩም ከተቀበለው ጋር አብሮ የነጋሪነትን ግዴታ ይረከባል።

የመሣሪያው ጠባይ

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። ጂፒኤስ በመባል የሚታወቀው የአቅጣጫ መወሰኛ ዘዴ የአሜሪካ የጦር ኃይል ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው በ1970 ዓ.ም. ነበር። በነሐሴ 1975 ዓ.ም. አንድ የደቡብ ኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቭየት ኅብረት የአየር ክልል በመግባቱ ተመትቶ ሲወድቅ፣ በውስጡ የነበሩት 269 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የአሜሪካ መንግሥት ዘዴው ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን ያስታወቀው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ለሲቪሎች ይሰጥ የነበረውን ምልክት ሆን ተብሎ ያዛባ የነበረው አሠራር ቀረ። ዛሬ ሩሲያ፣ ቻይናና የአውሮፓ ኅብረት የየራሳቸው ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው።

ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ስፍራ ያስተጋባሉ። ስልኩ ከአራት ወይም ከዚያ ከሚበልጡ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት አነጻጽሮ የቆመበትን ነጥብ ያሰላል። ሳተላይቱ እኛን አያየንም፤ ስልኩም ምልክቱን ለመቀበል ምንም መላክ አያስፈልገውም። ሆኖም ነጥቡ ብቻውን የሁለት ቁጥሮች ጥምር ነው። ቁጥሩን ወደ ጎዳና፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ደብር የሚለውጠው ካርታው ነው። ካርታውም አስቀድሞ በስልኩ ላይ ካልተቀመጠ በስተቀር በኢንተርኔት መሥመር የሚመጣ ነው።

ከዚህም ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የትራፊክ መጨናነቅን የሚያሳየው ቀይ መሥመር የሚሠራው በመንገዱ ላይ ካሉት ስልኮች ከሚሰበሰብ መረጃ ነው። ስለዚህ በስልኩ የሚመራው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሳያስበው፣ ራሱም መንገድ ነጋሪ ሆኗል። ጉዞው ተለክቶ፣ ከሌሎች ሺህ ጉዞዎች ጋር ተደምሮ ለማያውቀው ሰው ይደርሳል። በውጤቱ ከዳጉ ጋር የሚመሳሰል ይመስላል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። በዳጉ ነጋሪው ወድዶና ዐውቆ ይሰጣል፤ ለሰጠውም ቃል ይጠየቅበታል። በስልኩ ከሰውየው ይወሰዳል፤ መረጃውም የኩባንያ ንብረት ሆኖ ይከማቻል። ያልታሰበበት ስጦታ ጥቅም አለው፤ ምግባር ግን ልንለው አንችልም።

ግለሰቡ ያተረፈውና የከሰረው

የለንደን ታክሲ ነጂ ለመሆን የሚፈልግ ሰው 25 ሺህ ያህል ጎዳናዎችን በቃሉ አጥንቶ ይፈተናል። ኤሊኖር መግዋየር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በእነዚህ ነጂዎች አንጎል ውስጥ ስፍራን ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል የኋለኛው ወገን ከሌሎች ሰዎች ገዝፎ መገኘቱን አሳይተዋል። በ2009 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰው መንገዱን ራሱ እያሰበ ሲሄድ ይህ የአንጎል ክፍል በየመታጠፊያው እንደሚነቃ፣ የመሣሪያ ትእዛዝ ሲከተል ግን እንዲህ እንደማይሆን አመልክቷል። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ሰዎች በአንድ ጎዳና አልፈው፣ አንደኛው ከተማዋን ይዞ ሲወጣ ሌላው ባዶ እጁን ሊወጣ እንደሚችል ነው።

በአዲስ አበባ የዚህን ነገር ማኅበራዊ መልክ እናያለን። ቀድሞ የታክሲ ነጂ ዋና ሀብቱ ከተማዋን ማወቁ ነበር። ሳምራዊት ፍቅሩ እንደመሠረቱት ራይድ ያሉ ድርጅቶች ከመጡ ወዲህ፣ ከተማዋን በቅጡ የማያውቅ ወጣትም ስልኩን እየተከተለ ሊሠራ ይችላል። ለብዙ ሰው የእንጀራ በር ተከፍቷል። ተሳፋሪውም ዋጋውን በክርክር ሳይሆን በሒሳብ ያውቀዋል፤ በምሽት የምትሳፈር ሴት የነጂውን ማንነትና የመኪናውን ሰሌዳ ዐውቃ ትገባለች። ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ቀድሞ በሠራተኛው ራስ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ከራሱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ሠራተኛውም ያንኑ ዕውቀት በየጉዞው ይከራየዋል። የሚገርመው ግን ይህን ሁሉ አልፎም ነጂው ደውሎ «የት ጋ ነሽ?» ማለቱ አልቀረም። ተሳፋሪዋም «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ትለዋለች። ሰማያዊው መሥመር የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች አሁንም ለሰው ቃል ይተዋቸዋል።

እኛ ተውኔት ጸሐፊዎች ደግሞ የምናውቀው ሌላ ነገር አለ። እንግዳ ወደ መንደር ገብቶ «የእገሌ ቤት በየት ነው?» ሲል ስንት ተውኔት ተጀምሯል! የተጠየቀው ሰው ከመመለሱ በፊት እንግዳውን ይመለከታል፤ ለምን እንደፈለገው ይገምታል፤ ሊረዳው ወይም ሊያሳስተው ይመርጣል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ፈቃዶች ተገናኝተዋል፤ ሊቃወሙም ሊተባበሩም ይችላሉ። እንግዳው ስልኩን እያየ በቀጥታ ወደ ቤቱ ቢሄድ ይደርሳል፤ ተውኔቱ ግን አይጀመርም። ኅብረተሰብም እንደ ተውኔት ሁሉ በእነዚህ ትናንሽ ግንኙነቶች የሚገነባ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የእንግዳው አፍ

እስካሁን የመጠየቅን በጎ ገጽ አይተናል። ሌላውን ገጽ ሸሽጎ ማለፍ ግን ለእውነት ታማኝ መሆን አይደለም። ሰው መንገድ ሲጠይቅ ድካሙን ይገልጣል። «ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? ለምን ፈለግኸው?» የሚለው ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ የእንግዳ አቀባበል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምርመራ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ወጣት ሴት በምሽት መንገድ የምትጠይቀው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን፣ የአገሩን ፊደል ሳታነብ በስልኳ ካርታ መንገዷን ስታውቅ፣ የአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ጥገኛ ከመሆን በጥቂቱ ነፃ ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠይቂ እንጂ» ብሎ መምከር መከራዋን አለማወቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የአነጋገር ነገር ነው። መንገድ የሚጠይቅ ሰው አፉን ይከፍታል፤ አፉን የከፈተ ሰው ደግሞ የተወለደበትን አገር ይናገራል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በየአቅጣጫው በደረሰው ጦርነትና ግጭት፣ የሰው አነጋገር እንደ መታወቂያ ወረቀት የተመረመረበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ በኪስ ያለ ካርታ ከምቾት በላይ ሆኗል፤ ዝም ብሎ ለማለፍ የሚያስችል መጠለያ ነበር። መጠለያነቱን እናመስግን። ነገር ግን ሰው መንገድ ለመጠየቅ የሚፈራበት ጎዳና የታመመ ጎዳና መሆኑን ስልኩ አያድነውም፤ ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ።

መቀሌ የዚህን ነገር ሁለቱንም ጫፍ አይታለች። ጦርነቱ ከተነሣበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የስልክና የኢንተርኔት መሥመር ተቋረጠ። የስልኩ መሥመር በመካከል ቢመለስም፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ ዳግም ጠፋ። አገልግሎቱ በከተማዋ መመለስ የጀመረው ከጥቅምቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳተላይቶቹ ከመቀሌ ሰማይ ላይ አልጠፉም። ስልክ የያዘ ሰው የቆመበትን ነጥብ በቁጥር ሊያገኝ ይችል ነበር፤ እናቱ በሕይወት መኖሯን ግን የሚያውቅበት መሥመር አልነበረውም። ከቤታቸው ተፈናቅለው በከተማዋ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉ ሰዎች ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉት ጠይቀው ነው፤ መልእክት የሚያደርሱትም በመንገደኛ እጅና በመንገደኛ ቃል ነው። «ከዚያ ጠይቅ» የሚለው አሮጌው ሰንሰለት እንደገና ሥራ ላይ ዋለ።

ያን ዘመን የሚናፍቅ ጤነኛ ሰው የለም። ከመከራ የመጣውን መደጋገፍ እንደ በረከት አድርጎ መሳል በመከራው በቆሰለ ሰው ላይ መቀለድ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርቱን መተው አይገባም። መሥመሩ ሲጠፋ መንገድ ጠያቂም መንገድ ነጋሪም የተገኘው፣ ልማዱ በሰላሙ ዘመን በገበያና በጎዳና ሲሠራበት ስለኖረ ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይጠይቅና ሳይጠየቅ ቢያድግ፣ በክፉ ቀን ከየት ያመጣዋል? አደራ የመቀበል ችሎታ ካልተለማመዱት የሚላላ ነገር ነው፤ ልምምዱም የሚጀምረው ከትንሹ ነገር፣ «በዚህ ውረድ» ከማለት ነው።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ መልሱ ስልኩን መጣል አይደለም። ያ የማይቻል ብቻ ሳይሆን ኢፍትሐዊም ነው፤ ስልኩ ለደካማው ምርኩዝ መሆኑን አይተናልና። መልሱ መሣሪያው ሊሸከመው የማይችለውን ለይቶ ማወቅና ያንን በሰው ዘንድ ማቆየት ነው። መሣሪያው መልስ ይሰጣል፤ ለመልሱ ግን እንደ ሰው አያፍርም፣ አይጨነቅም፣ መንገደኛው ደርሶ እንደሆነ ሲመሽ አያስብም። ዕውቀቱን ልናውሰው እንችላለን፤ ኃላፊነቱን ግን ልናስረክበው አንችልም።

መምህሩ ይህን በክፍሉ ሊሠራበት ይችላል። ተማሪዎቹ የቀበሌያቸውን ካርታ ከስልክ ገልብጠው ከማምጣታቸው በፊት፣ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የየስፍራውን ስምና የስሙን ምክንያት ጽፈው እንዲያመጡ ያድርግ። ከዚያ ሁለቱን ያነጻጽሩ፤ በአንዱ ኖሮ በሌላው የጠፋውን ይለዩ። በአስተዳደር ሥራ ላይ ያለው ካድሬ አዲስ ጎዳና ሲሰየምና አሮጌ ሰፈር ሲነሣ፣ ሰሌዳውን ከማስተከሉ በፊት ነዋሪው ስፍራውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠይቅ። መሪ የሚለውን ስም የያዘ ሰው መንገድ ከመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም። የኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ የጨው ነጋዴዎቹን የጎዳና ዕውቀትና የዳጉን ሥርዓት፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ በሥራው ያስፍር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ መለኪያ ልናኖር እንችላለን። የአንድ አገር ሰላም ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ካርታ በኪሱ የያዘ ሰው፣ በየትኛውም የአገሩ ቋንቋ ቢናገር፣ በየትኛውም የአገሩ ገበያ መካከል ቆሞ፣ ማንነቴ ይገለጥብኛል ብሎ ሳይሠጋ መንገድ መጠየቅ ይችላልን? የተጠየቀውስ ሰው «ከየት መጣህ?» ከማለቱ በፊት «ወዴት ነህ?» ይለዋልን? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች «አዎን» ብለን መመለስ እስክንችል ድረስ፣ ከሰማይ የሚመጣው ምልክት የቱን ያህል ትክክል ቢሆን ገና መንገድ ላይ ነን።